ግዑዝ ስለምንለው ነገርና ስለ ሕያው ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «ግዑዝ» ስለሚባለው ቃል ነው። ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆነን በመቀሌ ከተማ ከቃላሚኖ የደረሰን የአንድ ወጣት ጥያቄ ነው። ቃላሚኖ ስሙ ከትምህርት ጋር ተያይዞ የሚነሣ ስፍራ ነው፤ ቃላሚኖ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጠሪያውን ያገኘው ከዚያው ነውና። ጥያቄውም እንዲህ የሚል ነው፤ «አባቶቻችን ሆይ፣ በሳይንስ ትምህርታችን ነገር ሁሉ ሕይወት ያለውና ሕይወት የሌለው ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ጓደኞቼም ይህን ይዘው ‹መስቀል እንጨት ነው፤ ሥዕል ቀለም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ድንጋይ ነው፤ ሁሉም ግዑዝ ከሆነ ሕያው ሰው ስለምን ይሰግድለታል?› ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ስለሆነ በቅንነት ልንመልሰው ይገባናል። ነገር ግን ስለ መስቀሉና ስለ ሥዕሉ ከመናገራችን በፊት ቃሉን ራሱን እንመርምር፤ ቃሉ ያልተጣራ እንደ ሆነ ክርክሩ ሁሉ በጨለማ እንደሚደረግ ግብግብ ይሆናልና።

«ግዑዝ» በአማርኛችን ነፍስ የሌለው፣ የማይተነፍስ፣ የማይናገር፣ በራሱ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ማለት ነው። ለብዙ ሲሆን «ግዑዛን» ይባላል። ድንጋይ ግዑዝ ነው፤ ብረት ግዑዝ ነው። ውሃ ቢፈስስም፣ እሳትም ቢንቀለቀል ግዑዛን ናቸው፤ የሚሄዱት በፈጣሪ በተሠራላቸው ሕግ እንጂ በፈቃዳቸው አይደለምና። ዛፍ ባይናገርም ይበቅላል፣ ያፈራል፣ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሕይወት ካላቸው ወገን ይቆጠራል። ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተጠርቦ በር ወይም ወንበር ከሆነ በኋላ ግን ግዑዝ ይባላል።

እንግዲህ ይህን ልብ እንበል። ይህ ቃል የሚነግረን ነገሩ የጎደለውን ነው። «ይህ ግዑዝ ነው» ያለ ሰው «ይህ ነፍስ የለውም» አለ እንጂ «ይህ ክብር የለውም» ወይም «ይህ አገልግሎት የለውም» አላለም። ከእናቱ የወረሰውን የአንገት መስቀል የሚያከብር ልጅ ብሩ ነፍስ እንደሌለው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ስሕተቱ የሚጀምረው የነገሩ ባሕርይና የነገሩ ክብር አንድ ተደርገው በተቆጠሩ ጊዜ ነው።

ቋንቋችንም በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ነገር አለው። በአንዳንድ የአውሮጳ ቋንቋዎች ከወንድና ከሴት ሌላ ሦስተኛ ጾታ አለ። በግዕዝም በአማርኛም ግን ሦስተኛ የለም። ድንጋዩም «እሱ» ይባላል፤ ፀሐይም «ወጣች» ትባላለች፤ ጨረቃም «ደመቀች» ትባላለች። ቤቱን ስንወደው «ቤቲቱ» እንለዋለን። አባቶቻችን ግዑዙንና ሕያውን ለይተው የማያውቁ ሆነው አይደለም፤ የእግዚአብሔር ፍጥረት ሁሉ በአንድ ቤት እንዳለ ቤተ ሰብ አብሮ የሚጠራ በመሆኑ ነው እንጂ።

ሌላም ነገር እንመልከት። «ግዑዝ» በሚለው ቃል ውስጥ ያሉት ፊደላት «ግዕዛን» በሚለውም ቃል ውስጥ ይገኛሉ። ግዕዛን ነጻነት ማለት ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ስለ አጋርና ስለ ሣራ በተናገረበት ስፍራ ሣራ በግዕዙ «አግዓዚት» ትባላለች፤ ነጻይቱ ማለት ነው። ሊቃውንት አባቶቻችንም ሰውን ከእንስሳት ለይተው ሲናገሩ ሰው ግዕዛን ያለው፣ እንስሳት ግዕዛን የሌላቸው ናቸው ይላሉ፤ ይኸውም ሰው ክፉና በጎን ለይቶ በፈቃዱ የሚመርጥ ስለሆነ ነው። እነሆ በተቀራረቡ ሁለት ቃላት ሁለት የተራራቁ ነገሮች ተጠርተዋል። ግዑዙ አይመርጥም፤ ስለዚህም አይጠየቅም። ግዕዛን ያለው ሰው ግን ይመርጣል፤ ስለዚህም ይጠየቃል። የዛሬው ንግግራችን ሥሩ ይህ ነው።

ወደ ሥነ ፍጥረት ትምህርት እንመለስ። እግዚአብሔር በ6 ቀን 22 ፍጥረታትን እንደ ፈጠረ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። በመጀመሪያው ቀን በእሑድ የተፈጠሩት 8 ናቸው፤ እነርሱም እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት፣ ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክት፣ ብርሃን ናቸው። ከእነዚህ ከ8ቱ ሕያዋንና ነባብያን የሆኑት መላእክት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 7ቱ ግዑዛን ናቸው። ሰው የተፈጠረው በመጨረሻ በዓርብ ነው። ሲፈጠርም ከ4ቱ ባሕርያት፣ ማለት ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ሥጋው ተዘጋጀ፤ በነፍሱም ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት የምትባል 3 ግብር ያላት ነፍስ ተሰጠችው። እንግዲህ ግዑዙን የሚንቅ ሰው የራሱን ሥጋ እየናቀ ነው፤ ከ7ቱ ባሕርያቱ 4ቱ ከዚያ የተወሰዱ ናቸውና።

ይህን ትምህርት በዐይን ለማየት የሚወድ ሰው በመቀሌ የድንጋይ ግንብ ፊት ይቁም። መቀሌ የድንጋይ ከተማ ናት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓመታት ያሠሩት ቤተ መንግሥት በድንጋይ የታነጸ ነው፤ የገበሬው ሕድሞም በድንጋይ የተካበ ነው። በዚያ አገር በሰፊው የሚገኘው ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ ከመቀሌ በስተ ደቡብ ባለችው በሕንጣሎ ስም ሰይሞታል። በዚህ ድንጋይ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅርፊት ተጣብቆ ይገኛል፤ ይህ ደጋ በጥንት ዘመን በባሕር ውሃ ተሸፍኖ የነበረ ነውና። ዛሬ ደረቅ ሆኖ የምናየው፣ ግዑዝ ብለን የምንረግጠው ድንጋይ በአንድ ወቅት የሕያዋን ፍጥረታት መኖሪያና ልብስ ነበረ ማለት ነው።

ይህ ድንጋይ ኖራ የሚሆንበትንም መንገድ እንመልከት። ድንጋዩ በምድጃ በብርቱ እሳት ይቃጠላል። በተቃጠለም ጊዜ በውስጡ የነበረው አየር ይወጣል፤ ንጹሕ የሆነ የኖራ ድንጋይ 100 ኪሎ ቢገባ የሚወጣው ኖራ 56 ኪሎ ያህል ነው። ከዚያም ውሃ ሲጨመርበት ይፈላል፣ ይሟሟል። በመጨረሻም በግንብ ላይ ተለስኖ ሳለ ከነፋስ ያንኑ ያጣውን አየር ቀስ በቀስ መልሶ እየሳበ እንደ ገና ድንጋይ ይሆናል። መሬት የሰጠውን እሳት አነጻው፤ ውሃ አለዘበው፤ ነፋስ አጸናው። አራቱ ባሕርያት በአንድ ግንብ ላይ ተስማምተው ሲያገለግሉ እናያለን። ከአራቱም አንዱ «አልታዘዝም» ያለበት ቀን የለም። ለፈጣሪው ሕግ ያለ መታዘዝ በግዑዛን ዘንድ አልተገኘም፤ የተገኘው ግዕዛን በተሰጠው በሰው ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንምጣ። ለግዑዝ እንሰግዳለንን? መልሳችን ግልጥ ነው። የአምልኮት ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ የሚቀርብ ነው፤ ለእንጨት ለድንጋይ ይቅርና ለመላእክትም አይቀርብም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ44ኛው ምዕራፍ የሚዘልፈው ሰው አንዱን ዛፍ ቆርጦ እኩሌታውን አንድዶ እንጀራ የጋገረበት፣ ሥጋ የጠበሰበት፣ እሳት የሞቀበት፣ የቀረውን እኩሌታ ግን ጠርቦ «አምላኬ ነህ፤ አድነኝ» ያለው ሰው ነው። የዚያ ሰው በደል እንጨቱን ማክበሩ ብቻ አይደለም፤ ከእንጨቱ በላይ ማንንም አለማየቱ ነው። እኛ ግን በመስቀል ፊት ስንሰግድ ከመስቀሉ በላይ የተሰቀለውን እናያለን። መስቀሉን የምናከብረው እንጨት ስለሆነ አይደለም፤ የዓለም መድኃኒት ደሙን ያፈሰሰበት ስለሆነ ነው።

ለዚህም የታመነ ምስክር በኦሪት አለን። በኦሪት ዘኍልቍ በ21ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ እስራኤል በእባብ በተነደፉ ጊዜ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የናስ እባብ ሠርቶ ሰቀለ፤ ወደ እርሱም የተመለከተ ሁሉ ዳነ። ናስ ግዑዝ ነው። ነገር ግን በመጽሐፈ ጥበብ እንደምንማረው የተነደፉትን ያዳናቸው የሁሉ መድኃኒት የሆነው አምላክ እንጂ በዐይናቸው ያዩት ናስ አልነበረም። ከብዙ ዘመን በኋላ ሕዝቡ ለዚያው ለናሱ እባብ ያጥኑለት ጀመር። ያን ጊዜ ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባብሮ ጣለው፤ ይህም በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ልብ በሉ! ናሱ ያው ናስ ነው። በሙሴ ዘመን ለመዳን ምልክት ሆነ፤ በሕዝቅያስ ዘመን ለመሰናከል ምክንያት ሆነ። የተለወጠው ናሱ አይደለም፤ የተለወጠው የሰው ልብ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ለጓደኞቹ «ግዑዝ ስለሆነ አይከበርም» የሚለው ሙግት ከመጽሐፍ ጋር እንደማይስማማ ይንገራቸው፤ ለራሱም ደግሞ «መስቀሉን ከያዝሁ፣ ልቤ ቢርቅም ግድ የለም» እንዳይል ይጠንቀቅ። ሁለቱም ጥፋት ነው።

ጌታችንማ በግዑዝ ነገር መሥራትን አልናቀም። በጭቃ የዕውሩን ዐይን አበራ፤ በውሃ አጠመቀን፤ በዘይት ይቀባን ዘንድ አዘዘ፤ ኅብስቱንና ወይኑን ቅዱስ ሥጋውና ክቡር ደሙ አድርጎ ሰጠን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአራቱ ባሕርያት የሆነውን ሥጋችንን ተዋሐደ። አምላክ ያልናቀውን እኛ «ግዑዝ ነው» ብለን ልንንቅ አይገባንም።

ግዑዝ ነገር ምስክርም ይሆናል። ኢያሱ ከሕዝቡ ጋር ቃል ኪዳን ባደረገ ጊዜ ታላቅ ድንጋይ አቁሞ፣ ድንጋዩ የተነገረውን ሁሉ እንደ ሰማና ምስክር እንደሚሆንባቸው ነገራቸው። ጌታችንም በሆሣዕና ቀን ደቀ መዛሙርትህን ዝም አሰኝ ላሉት ሰዎች፣ እነዚህ ዝም ቢሉ ድንጋዮች እንደሚጮኹ መለሰላቸው። በእኛም አገር ድንጋይ ሲመሰክር ኖሯል። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በትግራይ ከዓለት የተፈለፈሉ ከ100 በላይ አብያተ ክርስቲያናትን ዘርዝረው ባቀረቡ ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ተደንቀዋል። የእነዚያን ጠራቢዎች ስም የምናውቀው ጥቂቱን ነው፤ እምነታቸውን ግን ዓለቱ እስከ ዛሬ ይናገራል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ከገመድ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል አለ፤ ሲመቱት እንደ ብረት ያስተጋባል፤ ግዑዙ ድንጋይ ሕያዋኑን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ ለጸሎት ይጠራል።

የአክሱምም ሐውልት እንዲሁ ነው። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ያህል የሆነው ይህ ድንጋይ በ1929 ዓ.ም. በወራሪው ጦር ወደ ሮም ተወሰደ፤ በዚያም 68 ዓመት ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በቀድሞ ስፍራው ቆመ። ድንጋዩ ስደት መሆኑን አላወቀም፤ ናፍቆትም አልነበረበትም። በአክሱም የተቀበሉት ሽማግሌዎች ግን አለቀሱ፤ እልልም አሉ። ይህ ክብር ለማን ነው? በድንጋዩ በኩል ለጠረቡት አባቶች፣ ለተደፈረውም ሕዝብ የተሰጠ ክብር ነው። ለግዑዝ የሚደረግ ክብር ሁሉ አልፎ ወደ ሕያው ይሄዳል ያልነው ይህንን ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን! እስከ አሁን የተናገርነው ግዑዙን ስለ ማክበር ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ የዛሬውንም ንግግር ያዘጋጀነው ይልቁን ስለዚህ ነው። ይኸውም ሕያውን ሰው እንደ ግዑዝ የመቁጠር ኃጢአት ነው።

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል ጦርነት ተጀመረ፤ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተደረገው ስምምነት ጦርነቱ እንዲቆም ተወሰነ። በእነዚያ 2 ዓመታት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የፈሰሰውን ደም፣ የተለያየውን ቤተ ሰብ እግዚአብሔር ያውቀዋል። እኛ እዚህ የማንንም ወገን ሙግት ልንሟገት አልቆምንም። አንድ ነገር ግን ለሁሉም ወገን እንናገራለን። በዚያ ዘመን የሰው ልጅ በአንደበታችን ቍጥር ሆኖ ነበር። «ይህን ያህል ተደመሰሰ» ስንባል እንደ ፈረሰ ካብ ሰምተን እንጀራችንን ቆርሰናል። የተደመሰሰው ግን ካብ አልነበረም። ነባቢት ነፍስ ያለችው፣ እናቱ በስሙ የምትጠራው፣ በ40 ቀኑ የተጠመቀ ሰው ነበር።

«ጥይት ገደለው» እንላለን። አነጋገሩ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጥይት ግዑዝ ነው። ብረት ከምድር ሲወጣ ማረሻ ልሁን ወይስ ጠመንጃ ልሁን ብሎ አልመረጠም። ያ የኖራ ድንጋይ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ልሁን ወይስ በወንድም ራስ ላይ ልወርወር ብሎ አልመረጠም። የመረጠው እጅ ነው፤ እጁንም ያዘዘው ልብ ነው። በፍርድ ቀን ብረቱና ድንጋዩ በተከሳሽ ስፍራ አይቆሙም፤ በምስክር ስፍራ ይቆማሉ እንጂ። ነቢዩ ዕንባቆም ድንጋይ ከግንብ ውስጥ እንደሚጮኽ፣ ሐዋርያው ያዕቆብም የወርቅና የብር ዝገት በባለጠጎች ላይ እንደሚመሰክር የተናገሩት ስለዚህ ነው።

ይህ ኃጢአት በጦር ሜዳ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስለን። ቤት የሚያሠራ ሰው የድንጋዩን ዋጋ ተከራክሮ ከፍሎ፣ ድንጋዩን በጀርባው ያወጣውን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ካሳደረበት፣ ድንጋዩን ሕያው፣ ሠራተኛውን ግዑዝ አደረገ። የቤት ሠራተኛዋን ስሟን ትቶ በጭብጨባ የሚጠራ፣ ሳህኑ ሲሰበር የሚያዝን፣ እርሷ ስትታመም ግን የማይጠይቅ ሰው እንዲሁ አደረገ። ያረጀች እናቱን እንደ አሮጌ ዕቃ በጓዳ ጥግ አስቀምጦ የማያነጋግር ልጅ እንዲሁ አደረገ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠውን ነዳይ እንደ ደጁ ድንጋይ አልፎት የሚገባ፣ ገብቶም መስቀሉን የሚሳለም ሰው፣ እርሱ በእውነት ለግዑዝ የሰገደ ነው። መስቀሉን አየ፤ የተሰቀለውን ግን አላየም። የተሰቀለው ጌታ ተርቤ አብልታችሁኛል፣ ታርዤ አልብሳችሁኛል የሚለው በዚያ በነዳዩ አካል ሆኖ ነውና።

እንግዲህ በእውነት ግዑዝ ማነው? ድንጋዩ ግዑዝ ሆኖ ተፈጠረ፤ በተፈጠረበትም ጸንቶ ፈጣሪውን ያገለግላል፤ ስለዚህ ነቀፋ የለበትም። ሰው ግን ልብ ተሰጥቶት ሳያስብ፣ አንደበት ተሰጥቶት እውነትን ሳይናገር፣ ግዕዛን ተሰጥቶት በጎውን ሳይመርጥ ከቀረ፣ ሳይፈጠር ግዑዝ የሆነ እርሱ ነው። ነገር ግን ተስፋ አንቍረጥ። እግዚአብሔር በነቢዩ በሕዝቅኤል በ36ኛው ምዕራፍ የድንጋዩን ልብ ከእኛ አውጥቶ የሥጋን ልብ ሊሰጠን ተስፋ ሰጥቶናል። ደረቁን ድንጋይ በእሳት አንጽቶ፣ በውሃ አለዝቦ ለግንብ የሚያበቃ አምላክ፣ የደረቀውንም ልብ በንስሓ እሳትና በዕንባ ውሃ ሊያለዝበው ይችላል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ይህን እናድርግ። መስቀሉን ስንሳለም የተሰቀለውን እናስብ። እንጀራው ሲወድቅ እንደምናነሣው፣ የወደቀውንም ሰው እናንሣ። በጦርነቱ የሞቱትን በቍጥር ሳይሆን በስም እናስባቸው፤ ስማቸውን የምናውቃቸውን በስማቸው፣ ስማቸውን የማናውቃቸውንም ስማቸውን ለሚያውቅ አምላክ አደራ እየሰጠን፣ የእኛ ወገንና የእነርሱ ወገን ሳንል እንጸልይላቸው። የፈረሰ ግንብ ከዚያው ከምድር በሚወጣ ድንጋይ ይተካል፤ የጠፋ ሰው ግን በሌላ ሰው አይተካም።

ግዑዛኑን ለአገልግሎታችን የፈጠረ፣ እኛንም በመልኩና በአርኣያው የፈጠረ አምላክ የሥጋን ልብ ይስጠን፤ አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን፤ ያዘኑትን ያጽናና፤ የተለያዩትን ያገናኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።